ባለ ጆሮው ጓርኒሲዮን

መካኒኩ ተፈራ የሞተው አርብ ቀን ነው፤ የመርሳ ሙስሊም ጁምዓ ላይ፣ ክርስቲያኑም የጾም ምሳው ላይ በነበረበት ሰዓት። ኢንስፔክተር ደስታነሽ ከወልድያ ደርሳ ከፒካፑ ስትወርድ ሰው የጋራዡን በር ሞልቶ፣ ምርመራውንም ፍርዱንም ጨርሶ ጠበቃት። ግማሹ «ክሪክ አመለጠው፤ አደጋ ነው» ይላል። የቀረው «ቢላል ነው፤ ጠዋት ‹ይጨፈልቅዎታል› ብሎ ሲዝትበት በጆሯችን ሰምተናል» ይላል። ቢላል የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው። እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ጥግ ቆሟል፤ ፊቱ ከሐዘን ይልቅ በንዴት ቀልቷል።

ለዚህች ሴት ደስታነሽ የሚል ስም ያወጣው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባልደረቦቿ «ስሟን ስንጠራ ኖርን፤ ደስታውን ግን አላየነውም» እያሉ ያሟታል። ያጋንናሉ። ትስቃለች፣ ቀልድም ታውቃለች። ሬሳ ሳይነሳ «በቃ አደጋ ነው» የሚል ሰው ስታይ ግን ደሟ ይፈላል። ጦርነቱ አልፎ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። የጠፋው ሰው ሁሉ፣ የተዘረፈው ንብረት ሁሉ «በጦርነቱ ምክንያት» እየተባለ ሲታለፍ ማየት አንገሽግሿታል።

የአካባቢው ሳጅን ልዑል ሰላምታ ሰጣትና «ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አላት።

«ግልጽ ከሆነ እኔን ለምን ጠራኸኝ? ካቴናህን እንዳደንቅልህ ነው?»

ደስታነሽ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ አፍንጫው በክሪክ ተነስቶ ቆሟል፤ ከስሩ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ልትገባ ጎንበስ ብላ አቆመች። መኪናውን የያዘው ክሪክ ብቻ ነበር። ዙሪያዋን ስታይ ከግድግዳው ስር አንድ ወፍራም የግራር ግንድ ወድቋል፤ አናቱ በመኪና ክብደት ብዛት ጎድጉዷል።

«ያንን ግንድ አምጣና ከስር አስገባልኝ» አለችው ሳጅኑን። «አንድ ሬሳ ይበቃናል።»

ግንዱ ከተደገፈ በኋላ በጀርባዋ ተኝታ ከሟቹ ጎን ገባች። የተኛችበት ሲሚንቶ ከሌላው ወለል ይልቅ ለስላሳ ነው፤ እንደ አልጋ ርዝመትና ስፋት ያለው ልስን መሐሉ ላይ ተለጥፏል። ቀና ስትል የሞተሩ ሆድ ተከፍቷል፤ የታችኛው የዘይት ቋት ወልቆ ጎን ተቀምጧል። ቋቱ ይገጥምበት የነበረው የብረት ከንፈር ዙሪያውን በስለት ተፍቆ፣ ተቧጥጦ፣ ጭረቱ ያብለጨልጫል። እዚህም እዚያም ግትር ብሎ የቀረ ጥቁር ቅሪት አለ። የተፋቀው ብናኝ የተፈራ ደረት ላይ እንደ ከሰል ዱቄት ተበትኗል። አንዱን ቁራሽ በጥፍሯ ጫፍ አነሳችው። ከስሩ የደረቀ ደም አለ። ሌላም አነሳች፤ እሱም ከደሙ ላይ ነው የተኛው። አንድም ቁራሽ ደም አልሸፈነውም።

ከራስጌው ላምባ የሚሸት ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ውስጡ ከበሬ ቀንድ የተሠራ መፋቂያ አለ፤ እንደታጠበ ሹካ ንጹሕ ነው። ደስታነሽ ከመኪናው ስር ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት አቶ ፍቅሩ ጥግ ካለችው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል። በሃምሳዎቹ ያለ፣ መልከ መልካም፣ በመርሳ የታወቀ ነጋዴ ነው። ነጭ ሸሚዙ በዘይት ተበላሽቷል፤ ቀኝ እጁ በመሐረብ ተጠቅልሏል።

«ከወልድያ ስመለስ ነው ያገኘሁት» አላት። «መኪናው ደረቱ ላይ ወድቆ! እኔው ነኝ በክሪክ ያነሳሁት። ምን ዋጋ አለው፣ አልቆለት ነበር። ጮህኩ፣ ያን ጊዜ ሰው መጣ።»

«ሲያገኙት ሙሉ በሙሉ ወድቆ ነበር?»

«እጅ እንኳ አያስገባም። እንዲያ ተጨፍልቆ።»

«ካነሱት በኋላስ? የነካ ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆሜ አላስገባም አልኩ።»

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«መኪናውን ሳነሳ ነው የተላጠው። ብሎን ፈትቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። የኔ እጅ የነጋዴ እጅ ነው፤ መፍታቱም መግጠሙም የነሱ ነበር።» መሐረቡን ፈታ አድርጎ አሳያት። የጣቶቹ አንጓ ተገሽልጧል፤ መዳፉ ግን የሕፃን ገላ መስሏል።

«ምን እየሠራ ነበር?»

«መኪናው በላይ የሚባል የወልድያ ሰው ነው። ዘይት ያፈሳል ብሎ ጠዋት እኔ በሌለሁበት አምጥቶ ጥሎት ሄደ። ተፈራ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሊያላቅቅ ነበር መሰለኝ።»

ጓርኒሲዮን ሁለት ብረት ከሚገጥሙበት መሐል የሚገባ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያትም ስስ ንጣፍ ነው። ሲያረጅ ከብረቱ ጋር ተጋብቶ አልለቅም ይላል። ፍቅሩ የተፈራን ዘዴ አስታውሶ በእንባው መሐል ፈገግ አለ።

«ስንት ጨዋታ ያውቅ ነበር መሰለዎት! መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ ጓርኒሲዮን በካርቶን በእጁ እየቆረጠ ይሠራ ነበር። ደግሞ ጆሮ ያወጣለታል! ‹ነገ የሚፈታው ሰው ሳይታገል ጆሮውን ይዞ እንዲስበው ነው› ይለናል። በሳቅ እንሞት ነበር።»

«እዚህ ጋራዥ ጉድጓድ የለዎትም? መኪና ላዩ ላይ አቁሞ ከስር ቆሞ የሚሠራበት?»

«ነበረን። ክረምት ክረምት ውኃ እየሞላ ሲያስቸግረን ደፈንኩት።»

በላይ በሩ ላይ ጠበቃት። ወፍራም፣ ቁልፉን በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነው።

«መኪናዬ መቼ ነው የሚለቀቅልኝ?» አላት ሰላም ሳይል።

«ሰውየው ከስሩ ሳይወጣ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ምሳ ላይ ነበርኩ። መንገደኛ ይጠብቀኛል!»

«ይጠብቅ። ሞተሩን ከየት አመጣኸው?»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። «ከአዲስ አበባ» አለ። «ከነመኪናው።»

«ጓርኒሲዮኑ ጆሮ ነበረው?»

«የምን ጆሮ?» ሳያስበው የራሱን ጆሮ ነካ። «እኔ የማውቀው ዘይት ማፍሰሱን ነው።»

ደስታነሽ ወደ ቢላል ሄዳ ካቴናውን ራሷ ፈታችው። ሳጅን ልዑል ጉሮሮውን ጠረገ፤ አላየችውም።

«ይጨፈልቅዎታል ብለኸዋል?»

«ብያለሁ! በየቀኑ ነው የምላቸው!» ቢላል ጮኸ። «‹ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ ከዚህ ሰውዬ ጋራዥ እንውጣ፤ ጉድጓድ በሌለበት ክሪክ ስር እየተኙ አንድ ቀን ይጨፈልቅዎታል› ነው ያልኩት። ለሰው ተቆርቁሬ በተናገርኩ ገዳይ ልባል? የሰማው ጎረቤት ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከሆዱ ጨመረ!»

«ጉድጓዱ የተደፈነው መቼ ነው?»

«እኔና ጋሼ ጦርነቱ ሲብስ ወደ ገጠር ሸሽተን ነበር። ስንመለስ ተደፍኖ ጠበቀን። አገሩ ዱቄት ባጣበት ጊዜ እሱ ሲሚንቶ አግኝቶ ጉድጓድ ይደፍናል! ስናገር ጋሼ ‹ንብረቱ ነው፣ ምን አገባህ› አሉኝ።»

ደስታነሽ ወደ ለስላሳው ልስን አየት አደረገችና መለስ አለች። «ግንዱስ?»

«ጋሼ ያለ ግንድ ከመኪና ስር ገብተው አያውቁም። ለሶላት ስወጣ ከክሪኩ አጠገብ ተደግፎ ነበር።»

«አሮጌ ጓርኒሲዮን እንዴት ነው የምታላቅቁት?»

ጥያቄው ቢላልን ትንሽ አበረደው። «ላምባ በጨርቅ ታጠጣዋለህ። ትተወዋለህ፣ ሌላ ሥራ ትሠራለህ። ሲርስ በቀንድ ቀስ ብለህ ታነሳዋለህ፤ ቀንድ ብረት አያቆስልም። በደረቁ፣ በካቻቢቴ የሚፍቅ ሰው ጋሼ ዓይን ውስጥ ከሌባ አይሻልም። ብረቱ ከተቧጠጠ ዘይቱ ዕድሜ ልኩን ያፈሳል። ደግሞ ከስር ሆነህ በደረቁ ስትታገለው ካቻቢቴው ያመልጥና አንጓህ የብረቱን ጠርዝ ይመታል።» ቀኝ እጁን ጨብጦ አሳያት፤ አንጓዎቹ ላይ የዱሮ ጠባሳ አለ። «ጀማሪ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጋሼ ናቸው ያስጣሉኝ።»

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ገባች። ሀስና ትባላለች፤ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት አላት። ባሏ ሂሻም የሚኒባስ ሹፌር ነበር። መንገዱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ከነመኪናው ጠፋ፤ አገሩም «ጦርነቱ በላው» ብሎ ተቀመጠ። ሀስና ግን አልተቀመጠችም። ሽማግሌዎች መጥተው ኢና ሊላሂ ብለው ሊያስተዛዝኗት ሲሞክሩ የፈላውን ውኃ ይዛ ነው ከቤቷ ያስወጣቻቸው። «ሬሳውን አምጡና ያን ጊዜ በሉ» አለቻቸው። ሚስት ትሁን መበለት ሳይለይ ይኸው ዓመታት አለፉ፤ የሚያገባት ሰው የሚያመጣላት ዘመድ ሁሉ ጠላቷ ሆኗል።

«ጋሽ ተፈራ ከመሞታቸው በፊት እኔ ዘንድ መጥተው ነበር» አለች። «ሻይ ብቀዳላቸው አልነኩትም። ይችን ሰጡኝና ‹ሀስና፣ እንዳትጥያት። አንድ ሰው ላማክርና ከጁምዓ በኋላ መጥቼ ሁሉንም እነግርሻለሁ› አሉኝ።»

ጡጫዋን ከፈተች። መዳፏ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ዘይት የጠጣች ጥቁር የካርቶን ቁራሽ ነበረች፤ አንድ ጎኗ ክብ፣ ሌላው የተቀደደ።

ቢላል ሲያያት ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ጆሮዋ ናት» አለ። «የጋሼ ጆሮ።»

«የማን መኪና?» ደስታነሽ ጠየቀችው።

ቢላል ሀስናን ላለማየት መሬት መሬት ያያል። «ጋሼ በእጃቸው የቆረጡት መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ መኪናውን ደብቆ ሥራ አልነበረንም። የዘይት ቋት ያወረድነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሂሻምን።»

ሀስና አልጮኸችም። ወደ ነጩ ሚኒባስ ዞራ አየችው፤ ቀለሙም ሰሌዳውም የባሏ አልነበረም። ከዚያ ወደ ደስታነሽ ዞረች። «ሞተሩ እዚህ ከመጣ ባለቤቱ የት አለ?» አለች። «የት አለ? አንቺ ነሽ ፖሊሷ፣ ንገሪኝ እንጂ! ወይ ሚስት በሉኝ፣ ወይ መበለት በሉኝ!»

«ዛሬ ትሰሚዋለሽ» አለች ደስታነሽ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከባድ ቃል መሆኑን አወቀችው፤ አልመለሰችውም።

የተፈራ ሬሳ ተነስቶ ከሄደ በኋላ ሚኒባሱን ገፍተው ጥግ አስያዙት። ደስታነሽ በሩን አስዘግታ ሁሉንም በባዶው ወለል ዙሪያ አቆመቻቸው። ፍቅሩ ወንበር ተሰጠው። በላይ ግድግዳ ተደግፏል። ቢላልና ሀስና ጎን ለጎን ናቸው። ሳጅን ልዑል በሩን ይዟል።

«መጀመሪያ፣ ይህ አደጋ አይደለም» አለች። «ክሪክ ቢያመልጥ ይጋደማል፣ ይወድቃል። ተፈራ ደግሞ ግንድ ይደግፋል፤ ክሪኩ ቢያመልጥ እንኳ ግንዱ ይይዝለት ነበር። ግንዱን ከግድግዳው ስር ነው ያገኘሁት። ግንድ እግር የለውም። አንድ ሰው ግንዱን ገፋው፣ ክሪኩን አስተነፈሰው፣ መኪናውን በሰው ላይ ጣለ።»

«ያ አላህ!» አለ ቢላል።

«ሁለተኛ። ከተፈራ በላይ ያለው ብረት በስለት ተፍቋል። ማን ፋቀው? ተፈራ አይደለም። የሱ መፋቂያ ቀንድ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ ንጹሕ እንደሆነ አገኘሁት። ላምባውን አጠጥቶ፣ እስኪርስ እየጠበቀ ነበር። በዚያ ላይ ብናኙ የተኛው ከደሙ በላይ ነው። ሰው ሞቶ፣ ደሙ ፈስሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተፋቀው። ገዳዩ መኪናውን መልሶ አንስቶ፣ ከሬሳው ጎን ተኝቶ፣ አሮጌ ጓርኒሲዮን ሲፍቅ ነበር!» ድምፏ ጣሪያውን ነቀነቀው። «ስንት ሰው ሲገድል አይቻለሁ። የሚሸሽ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። ገድሎ ቁጭ ብሎ ብረት የሚያጸዳ አላየሁም!»



«ለምን ፋቀው? ጓርኒሲዮኑ ስለሚናገር ነው። ተፈራ ዛሬ ጠዋት ከዚህ መኪና ስር ገብቶ የገዛ እጁን ሥራ አገኘ። የሂሻምን ሞተር አገኘ። ጆሮዋን ቀድዶ ለሀስና ወሰደላት፤ ለመናገር ግን አፉ እንቢ አለው። የሚያምነውን ሰው ሊያማክር ተመለሰ። ያመነውም ሰው ገደለው። እንግዲህ ያ ሰው ማነው?»

ወደ በላይ ሄደች። «አንተ ትሆናለህ? ሞተሩን ከአዲስ አበባ ገዛሁ ብለህ ዋሽተኸኛል።»

በላይ በላብ ተጠመቀ። «ከሐራ ነው! ሐራ ላይ በደላላ ነው የገዛሁት፣ ያለ ወረቀት። ባለቤቱን አላየሁትም፤ በእናቴ ሞት አላየሁትም! ሰው መግደል ግን...»

«አልገደልክም። ጆሮ ስልህ የራስህን ጆሮ የነካህ ሰው ነህ። ጆሮው ምን እንደሚናገር የማያውቅ ሰው ለመፋቅ አይደክምም። ጓርኒሲዮን ለአንተ ቆሻሻ ነው። እሺ፣ ቢላል ይሆን? ቢላል ጆሮውን ያውቃል። ግን ቢላል ማላቀቅም ያውቃል። ላምባው እዚያው ተቀምጦለት፣ ጓርኒሲዮኑም ርሶለት እያለ በካቻቢቴ ብረት አያቆስልም። ቀንዱን አንስቶ በትንሽ ጊዜ ጠርጎት፣ ምንም ሳይተው ይሄድ ነበር።» ወደ መሐል ተመለሰች። «የምንፈልገው ጆሮውን የሚያውቅ፣ ማላቀቁን ግን የማያውቅ ሰው ነው። በተፈራ ጆሮ እየሳቀ የኖረ፣ ግን ብሎን ፈትቶ የማያውቅ።»

ሁሉም ወደ ፍቅሩ ዞረ። ፍቅሩ ከወንበሩ አልተነሳም። «ኢንስፔክተር፣ ሐዘን ላይ ነኝ» አለ። «ቀልድም ቦታ አለው።»

«እጅዎን ያሳዩን።»

«ነግሬዎታለሁ፣ መኪናውን ሳነሳ...»

«ክሪክ የሚያነሳ ሰው መዳፉ ነው የሚላጠው። የእርስዎ መዳፍ ደህና ነው። የተላጠው አንጓዎ ነው። ቢላል፣ እጅህን አሳያቸው።» ቢላል ጠባሳውን አሳየ። «ይህ የጀማሪ ምልክት ነው። በሃምሳ ዓመትዎ ዛሬ ሥራ የጀመሩት ለምንድነው አቶ ፍቅሩ? ደግሞ መኪናው ወድቆ እጅ አያስገባም ነበር ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም ያሉኝም እርስዎ ነዎት። መኪና ወድቆ እያለ ከስሩ አይፋቅም። ብናኙ ደግሞ ከደሙ በላይ ነው። ታዲያ ካነሱት በኋላ ከእርስዎ በቀር ማን ፋቀው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ፍቅሩ ጓርኒሲዮኑን ባይነካው ኖሮ ሰውም ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ ቀብሮ ይመለስ ነበር። የደበቀው ነገር ነው ያጋለጠው። ይህን አሁን እሱም የተረዳው ይመስላል፤ ፊቱ አመድ ለበሰ።

«ሞተሩን አግኝቼ ነው የሸጥኩት» አለ በመጨረሻ። «ተጥሎ ነው ያገኘሁት። ያኔ ጦርነት ነበር፤ ስንቱ ሰው በየመንገዱ...»

«ጦርነቱን ተወው!» ደስታነሽ ጮኸች፤ እርስዎ ማለቷንም በዚያው ተወችው። «ጦርነቱ የራሱ ኃጢአት ይበቃዋል፣ ያንተን አይሸከምልህም! ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ አንተ ነህ የገባኸው። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አገሩ ዱቄት ባጣበት ጊዜ አንተ ሲሚንቶ ፈልገህ ጉድጓድ የደፈንከው ለምንድነው?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አየ። የቆሙት በለስላሳው ልስን ዙሪያ ነበር። ሳታውቅ ከቢላል ጎን ራመድ ብላ መሐሉ ላይ የቆመችው ሀስና ብቻ ነበረች።

«ውኃ እየሞላ...» አለ ፍቅሩ፤ ግን አልጨረሰውም። ዓይኑ ከሀስና እግር ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ተናገር» አለችው ደስታነሽ።

«መኪናውን ደብቅልኝ ብሎ ሰጠኝ» አለ ፍቅሩ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። «አደራ ብሎ። አገር ሰላም ሲሆን መጥቼ እወስዳለሁ አለ። ቶሎ መጣ። እኔ ቶሎ ይመጣል አላልኩም። አስፈታትቼ ሸጬው ነበር፤ ሞተሩ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አደራ በላ!» አለ ቢላል። በስድብ የሚታወቀው ቢላል ከዚህ የከፋ ቃል አጣ። ወንበሩን በእርግጫ መትቶ ፍቅሩን ከነወንበሩ ጣለው፤ ሳጅን ልዑል መሐል ገብቶ ያዘው። ከዚያ ያንኑ ካቴና አውጥቶ በፍቅሩ እጅ ላይ አጠለቀ። ደስታነሽን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ሀስና አልተንቀሳቀሰችም። «በየቀኑ ሻይ ይዤ እገባለሁ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ሰሃኑን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ እዚህ፣ እዚህች ላይ አስቀምጥ ነበር። ጋሽ ተፈራም እዚህ ቁጭ ብለው ይጠጡ ነበር። ሐራ ሄጄ ጠየቅሁ። ወልድያ ሄጄ ጠየቅሁ። አንተ ሻይዬን እየጠጣህ ‹አይዞሽ፣ ይመጣል› ትለኝ ነበር!» ፍቅሩ ላይ ተፋችበት። ማንም አልከለከላትም።

ቢላል ከጥግ ትልቁን መዶሻ አንስቶ መጣ። እንባው ይወርዳል፤ ሊመታ መዶሻውን ወደ ላይ አነሳ። ደስታነሽ ክንዱን ያዘችው።

«እንዲህ አይደለም» አለችው፤ ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለ። «ሐኪም ይመጣል፣ ቆፋሪ ይመጣል። ቀስ ተብሎ ነው፣ ከጠርዙ። ጋሽ ተፈራ እንዳስተማሩህ። ከስሩ ያለውን እንዳናቆስለው።»

ቢላል መዶሻውን አስቀመጠ።

ሀስና ጫማዋን አወለቀች። ከልስኑ ላይ ቀስ ብላ ወርዳ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏንም ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ሂሻም ከጠፋ ጀምሮ ይህን ቃል በስሙ ማንም እንዲናገርበት ፈቅዳ አታውቅም ነበር።